ጎኔ ውስጥ የሚገፋው

ጎጃም፣ ሰኔ መግቢያ፣ ማለዳ፤ ባሏም ልጇም የጠፉባት፣ በቀዶ ሕክምና የተረፈችው ትብለጥ ጓዟን ቋጥራ ለመንገድ ተነሥታለች፤ አማቷ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ አንድ ዋንጫ ተልባ ይዘው የጎጆው በር ላይ ቆመዋል።

ትብለጥ፦ አልጠጣም አልኩ እኮ እማማ። ከበሩ ፈቀቅ ይበሉልኝ።

ወርቅያንጥፉ፦ ጠጪውና ፈቀቅ እላለሁ። ተበጥብጦ ያደረ ተልባ ነው፤ የምደፋው እህል የለኝም።

ትብለጥ፦ መኪናው ከወንዙ ማዶ ነው የሚቆመው። ሰው ከሞላለት አንዲት በሽተኛ ቀረችብኝ ብሎ አይጠብቅም።

ወርቅያንጥፉ፦ ይሂዳ። መኪና እንደ ባል መሰለሽ? አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል።

ትብለጥ፦ ባሏ ለሞተባት ሴት የሚነገር ጨዋታ አይደለም።

ወርቅያንጥፉ፦ ማን ሞተ?

ትብለጥ፦ ዛሬ እሱን አንጀምረውም።

ወርቅያንጥፉ፦ የጀመርሽው አንቺ ነሽ። የልጄን የቢምረውን ሬሳ ያየ ሰው አምጪልኝና ያኔ እንጨርሰዋለን።

ትብለጥ፦ እሺ፤ የሞተውን እንተወውና ስላልሞተችው እናውራ። ሐኪሙ ጎኔ ውስጥ ያስቀመጠው ቱቦ አለ። የሚወጣበት ቀን አልፏል። መጀመሪያ «ለሚመጣው ሐሙስ» አሉኝ። ሐሙሱ ሲመጣ ዶሮዋ ታቅፋለች፣ ማን ይጠብቃታል አሉ። ዶሮዋ ፈልፍላ ጫጩቶቿ ከጭልፊት እየተሯሯጡ ነው። እኔ ግን ይኸው እዚሁ በር ላይ ነኝ።

ወርቅያንጥፉ፦ አንቺንም ከጭልፊት እየጠበቅሁሽ ነዋ።

ትብለጥ፦ የምሄደው ሐኪም ቤት ነው። አስታማሚ የሌለውን በሽተኛ ደግሞ አልጋ አይሰጡትም። ሌላ ሰው ቢኖረኝ እርስዎን አላስቸግርም ነበር።

ወርቅያንጥፉ፦ ደጋው እንዴት እንደ ጠቆረ አይተሻል? ቀትር ሳይሆን ያ ወንዝ ይሞላል።

ትብለጥ፦ ለዚህ ነው አሁን እንነሣ የምለው።

ወርቅያንጥፉ፦ እኔ ያን ወንዝ አልሻገርም። ጉልበቴ እንቢ ብሎኛል።

ትብለጥ፦ ጉልበትዎ ትናንት ከጫካ አንድ ሸክም እንጨት ይዞ መጥቷል። መንገድ ላይ ሦስት ሴት ቀድሞ ነው የመጣው።

ወርቅያንጥፉ፦ ትናንት የሠራ ጉልበት ነዋ ዛሬ የሚያርፍ። በይ ጠጪ፤ ይረጋብሻል።

ትብለጥ፦ ይህን ተልባ ለምንድን ነው የሚያጠጡኝ?

ወርቅያንጥፉ፦ ለሆድሽ ነዋ። አንጀትሽን ቆራርጠው ልከውሽ፣ ያለሰልሳል ብዬ።

ትብለጥ፦ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ስጠጣ ከረምኩ። ዛሬ ማለዳ ምንጭ ብወርድ ጎረቤታችን ጥጋቤ እንስራዋን አስቀምጣ ተነሣችልኝ። የኔ እንስራ ጀርባዬ ላይ እንዳይወጣ ራሷ ተሸክማ ደጅ ድረስ አመጣችልኝ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ አለችኝ። ከምን ነው የምታወጣኝ ብላት ሳቀች። ከኔ ምን ያስደብቅሻል፣ እማማ ነግረውን የለም ወይ አለች።

ወርቅያንጥፉ፦ የጥጋቤ አፍ ወንፊት ነው።

ትብለጥ፦ ወንፊት ያልጨመሩበትን አያወርድም።

ወርቅያንጥፉ፦ ምላስሽን ተንከባከቢው፤ ኩላሊትሽ ቢደክም እሱ ብቻውን ያኖርሻል።

ትብለጥ፦ በአገራችን ጠዋት ጠዋት ተልባ የሚያጠጧት ማን ናት? መውለጃዋ የደረሰ እርጉዝ። ልጁ ሳያስጨንቅ እንዲንሸራተትላት። እኔ ማህፀን የለኝም እማማ። ያንን ሐኪም ቤት አስቀርተውት ነው የመጣሁት። የሚንሸራተት ነገር የለኝም።

ወርቅያንጥፉ፦ አለሽ።

ትብለጥ፦ ምን አለኝ?

ወርቅያንጥፉ፦ በቀኝ ጎንሽ ያለው። ምሳሽን በልተሽ ጋደም ስትዪ እጄን አደርግበት የለ? ትንሽ ይቆይና ገፋ ያደርገኛል። ከዚያ ያርፋል። ከዚያ ደግሞ ገፋ። ዘጠኝ የወለደች እጅ ናት፤ አትሳሳትም።

ትብለጥ፦ ቁስሉን የሚያዩልኝ መስሎኝ ነበር።

ወርቅያንጥፉ፦ ቁስሉንም አያለሁ።

ትብለጥ፦ እማማ፣ ይቀመጡ። ለልጅ እንደሚነገር ላስረዳዎት፤ አይቀየሙኝ።

ወርቅያንጥፉ፦ ቆሜም እሰማለሁ። ከተቀመጥኩ በሩን ልታልፊኝ ነው።

ትብለጥ፦ ኩላሊት ሽንቱን ከደም ያጣራል። ከኩላሊት እስከ ፊኛ የሚያወርደው ቀጭን ቦይ አለ፤ በግራም በቀኝም። ያን ቀን ምጥ ላይ ማህፀኔ ተቀዶ ደሜ አልቆም ሲል፣ ሐኪሙ ደም ውስጥ እየዳበሰ ያገኘውን ሲቋጥር ቦዮቹንም አብሮ ቋጠራቸው። አልፈርድበትም፤ ባይቋጥር ኖሮ ዛሬ ቆሜ አልከራከርዎትም። የግራው ኩላሊት ሽንቱ መውጫ አጥቶ ሞተ። የቀኙን ለማትረፍ ከተማ ያሉት ሐኪሞች ከትንሹ አንጀቴ ቁራጭ ወሰዱ። በተበላሸው ቦይ ፈንታ እሱን ሰፉት፤ ላዩን ከኩላሊቱ፣ ታቹን ከፊኛው።

ወርቅያንጥፉ፦ ሽንት በአንጀት። እግዚአብሔር ሁለቱን መንገድ የለያየው ሥራ ፈትቶ ነው?

ትብለጥ፦ ገበሬስ ቦዩ ሲደረመስበት ከጎረቤት ማሳ ጠልፎ ውሃውን ይመራ የለም?

ወርቅያንጥፉ፦ የጎረቤት ማሳ የጠለፈ ዳኛ ፊት ይቆማል።

ትብለጥ፦ ይኸው ቆሜያለሁ። እንግዲህ አንጀት ሥራው መግፋት ነው። ቦታውን ብንቀይርበት ልማዱን አይቀይርም። ምግብ ሲገባ የቀረው አንጀቴ ይነሣል፤ እሱም ከሩቅ ይሰማና አብሮ ይነሣል። ሐኪሙ ይህን ያውቃል። ሲሰፋው እንኳ የሚገፋበትን አቅጣጫ ጠብቆ ነው የሰፋው፣ ሽንቱን ወደ ታች እንዲልከው። እርስዎን የሚገፋዎት ያ ቁራጭ ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ እንግዲያ ከበላሽ በኋላ ነው የሚነሣው።

ትብለጥ፦ ከበላሁ በኋላ ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ ልጅስ እናቱ ስትበላ አይደል የሚጫወት?

ትብለጥ፦ ከሽንቴ ጋር የሚወርደውን ነጭ ልጋግ አይተዋል? አንጀት ስለሆነ ነው፤ የትም ቢወስዱት ልጋጉን አይተውም። ልጅ ያንን አያመጣም።

ወርቅያንጥፉ፦ አይቼዋለሁ። ቢምረው ሊወለድ ሲል ከኔም እንደዚያ ያለ ነገር ወርዷል።

ትብለጥ፦ ከእርስዎ ጋር መከራከር ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። የበግ አንጀት ክራር ላይ ተወጥሮ ሲዘፍን የሚዘፍነው በጉ ነው?

ወርቅያንጥፉ፦ በጉማ ተበልቷል።

ትብለጥ፦ በቃ፤ የኔም እንደዚያ ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ የሚዘፍነው ክራሩን የሚመታው ሰው ነው። ያንቺን ማን ነው የሚመታው?

ትብለጥ፦ ማንም።

ወርቅያንጥፉ፦ ማንም ሳይነካው ግድግዳ ላይ ብቻውን የሚዘፍን ክራር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ያ ነው እጄ ሥር ያለው። አንቺ በቀን ታወሪያለሽ፣ ትቀልጃለሽ፤ ቤቱን አታዳምጭውም። የቢምረው ዱላ ከበሩ ጀርባ እንደ ቆመ ነው፤ አልነካነውም። ውሻው ሲመሽ ፊቱን እሱ ወደ ሄደበት ወደ መተማ መንገድ አዙሮ ነው የሚተኛ፣ እኔን ጀርባውን ሰጥቶኝ። በሩን ሳልቀረቅር ነው የማድር። እዚህ ቤት ያለው ሁሉ ይጠብቃል፣ ማንም አይመልስልኝም። እጄን ሳሳርፍበት የሚመልስልኝ ያ ጎንሽ ብቻ ነው።

ትብለጥ፦ እማማ…

ወርቅያንጥፉ፦ ዮናስን በዓሣ ሆድ ያኖረ አምላክ ለአንድ ሕፃን የጎን ቦታ አያጣም። ማህፀኑን ሊቆርጡበት ሲመጡ ዞር አለላቸው። አልሸሹም ዞር አሉ ነው ነገሩ።

ትብለጥ፦ ዮናስንም ዓሣው ተፍቶታል። ለክረምት አላስቀመጠውም።

ወርቅያንጥፉ፦ በቄስ ልጅ አፍ አታውሪ፤ አባትሽ ገበሬ ነው።

ትብለጥ፦ ገበሬ ነው፤ ለዚህም ነው መሬት ያልያዘውን ዘር በቅሏል የማልለው። ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ይንገሩኝ። ወንድሜ ስማቸው በቅሎ ይዞ ሊመጣልኝ ነበር። ቀረ። ታሞ ይሆናል እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ።

ወርቅያንጥፉ፦ ሰው ይቀራል። የራሱ ቤት አለው።

ትብለጥ፦ ዛሬ ጥጋቤ እንስራዬን ተሸክማ ስትመጣ ሁሉንም አወረደችው። ስማቸው የላከውን ሰው እርስዎ ገበያ ላይ አግኝተውታል። ትብለጥ የቢምረውን ልጅ በሆዷ ይዛለች፣ መንገድ አይሆናትም፣ ክረምቱን ከኔ ጋር ትከርማለች ብለው መለሱት። ሰውየው እልል ማለት ቀርቶት ነው አሉ የሄደው። ወንድሜ አሁን ቤቱ ሆኖ አጎት ልሆን ነው እያለ ይሆናል።

ወርቅያንጥፉ፦ መንገድ አይሆንሽማ።

ትብለጥ፦ እሱ ቢመጣ ያስታምመኝ ነበር። እርስዎንም ጉልበትዎንም አላስቸግርም ነበር።

ወርቅያንጥፉ፦ ያስታምምሽና ከዚያስ?

ትብለጥ፦ ከዚያስ ምን?

ወርቅያንጥፉ፦ ቱቦውን ካወጡልሽ በኋላ በቅሎዋ ወዴት ነው የምትዞር? ወደዚህ ነው ወደ ወንድምሽ አገር? ባል የለም፣ ልጅ የለም ከተባለ ምራት በማን ስም ትቀመጣለች? ጥሎሿን ሸክፋ የወንድሟ በቅሎ ላይ ትወጣለች፤ አገሩም ደግ አደረገች ይላል። ሥርዓቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። በሽተኛ እስከሆንሽ የኔ ነሽ። ቱቦው ሲወጣ አንቺም ትወጫለሽ።

ትብለጥ፦ እና ቱቦው ጎኔ ውስጥ ይበስብስ?

ወርቅያንጥፉ፦ እንደዚያ አላልኩም።

ትብለጥ፦ ከማለት አይለይም። ይስሙኝ። ያን የአንጀት ቁራጭ ሲያዛውሩት ከደም ሥሩ አልነጠሉትም። ከነጠሉት ይሞታል አለኝ ሐኪሙ። ደሙ ዛሬም ከጥንት ቤቱ ነው የሚመጣለት፤ ሥራውን ግን ለሌላ ቤት ነው የሚሠራው። ሐኪሙ ይህን እንዲገባኝ ወረቀት ላይ ሥሎ ሊያሳየኝ ተነሣ። ተወው፣ አማት ያላት ሴት እንዲህ ያለ ሥዕል ታውቀዋለች አልኩት።

ወርቅያንጥፉ፦ እንደዚያ አልሽው?

ትብለጥ፦ አልኩት። ሳቀ። ስማቸው ደሜ ነው፤ የተሰፋሁት ግን እዚህ ነው። ሙሽራ ሆኜ ስገባ አለኝታ ብለው ስም ያወጡልኝ እርስዎ አይደሉም?

ወርቅያንጥፉ፦ ለሙሽራ ስም ሁሉም ያወጣል። ስሙን ጥላ የሄደች ደግሞ ብዙ አይቻለሁ።

ትብለጥ፦ ወዴት እሄዳለሁ? ማህፀን የሌላትን ማን ያገባታል?

ወርቅያንጥፉ፦ ምላስ አለሽ። እሱን የሚወድ አይጠፋም።

ትብለጥ፦ ምላሴን የሚችል አንድ ወንድ ነበር።

ወርቅያንጥፉ፦ ነበር አትበዪ።

ትብለጥ፦ ነበር እማማ። አብረውት ሰሊጥ ያጨዱት ልጆች መጥተው እዚህ ደጅ ቆመው ነገሩዎት። አገሩ በንጋት ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ሲመጣ እርስዎ የጥምቀት ነጠላዎን አጣፍተው ወጡ፤ ጥለቱን ወደ ታች ለቀው፣ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው። ምነው እንዲህ ማልዳችሁ መጣችሁ ብለው አሳፈሯቸው። የንስሐ አባትዎ ስለ ተዝካሩ ቢያነሡ ላልሞተ ሰው ድግስ አልደግስም ብለው ሸኟቸው። እኔ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆኜ ነው ይህን ሁሉ የሰማሁት። ጥቁር የለበስኩት ብቻዬን ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ አንቺ ችኩል ነሽ።

ትብለጥ፦ እስቲ እጅዎን ይስጡኝ።

ወርቅያንጥፉ፦ ምን ልታደርጊው?

ትብለጥ፦ ጎኔ ላይ አይደለም። ግንባሬ ላይ።

ወርቅያንጥፉ፦ ተኩሰሻል።

ትብለጥ፦ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው። ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ጀርባዬን ከጎኔ ጋር ይወጋኛል።

ወርቅያንጥፉ፦ ምች ነው። ዳማከሴ ጨምቄ አልሰጠሁሽም?

ትብለጥ፦ ጠጣሁት። ዳማከሴ ቱቦ አያወጣም። ሐኪሙ ስወጣ ነግሮኝ ነበር። ቱቦው ከቀኑ ካለፈ ሽንቱ ጨው ይጋግርበታል፣ ውሃ ሲፈላበት የኖረ ማሰሮ ቂጥ አይተዋል፣ እንደዚያ። መንገዱ ይደፈናል። ኩላሊቱ በገዛ ሽንቱ ይታፈናል። የግራው እንዲህ ሲሆን ሌላ ነበረኝ። አሁን ሌላ የለኝም። ልጅ ነው ብለው በተልባ ሲያባብሉት የኔን ነገር ይጨርሱታል።

ወርቅያንጥፉ፦ ሟርት ነው ይህ።

ትብለጥ፦ አንድ ነገር ግን ይጠቅምዎታል። የኔን ሬሳ ያዩታል። እዚሁ መደብ ላይ ነው የምሆን። በኔ ላይ የሚጠራጠሩት ነገር አይኖርም።

ወርቅያንጥፉ፦ አፍሽን ያዢ አንቺ ልጅ።

ትብለጥ፦ ይዣለሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ እኔ ክፉ ሴት አይደለሁም።

ትብለጥ፦ ክፉ ቢሆኑማ ይቀለኝ ነበር። ጥዬዎት እሄድ ነበር።

ወርቅያንጥፉ፦ እሺ አንዲት ነገር ንገሪኝ። ምላስሽን ሳትጠቀሚ ንገሪኝ። አየሽው?

ትብለጥ፦ ማንን?

ወርቅያንጥፉ፦ ልጁን። ከሆድሽ ሲያወጡት በዓይንሽ አየሽው?

ትብለጥ፦ አስተኝተውኝ ነበር።

ወርቅያንጥፉ፦ ስትነቂስ?

ትብለጥ፦ ስነቃ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ወንድ ነበር አሉኝ።

ወርቅያንጥፉ፦ አሉኝ። እኔንም ቢምረውን ንዳድ ገደለው አሉኝ። እዚያው በረሃው ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር ቀበርነው አሉኝ። የቱ ዛፍ ብል አንዱ ወይራ አለ፣ አንዱ ግራር አለ። ያንን ሕፃን ደግሞ ክርስትና አልተነሣም፣ ከቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ አይለቀስለትም፣ ስም የለውም ተባለና የት እንዳደረጉት እንኳ የነገረኝ የለም። ስምንት ልጅ ቀብሬያለሁ ትብለጥ። ቢምረው ያልኩት ለዚህ ነው፤ እሱን እንኳ ቢምረው ብዬ። ስምንቱም የት እንዳሉ አውቃለሁ። አንዷ ከቅጽሩ በስተምሥራቅ ከዋንዛው ሥር ናት፤ ሣር ሲያድግባት አጭደዋለሁ። እነዚህ ሁለቱ ግን የት ናቸው? ያለኝ አሉኝ ብቻ ነው። በአሉኝ ላይ እንዴት ነው ነጠላ የሚዘቀዘቀው?

ትብለጥ፦ እኔም ያለኝ አሉኝ ብቻ ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ አንቺማ ታምኛለሽ።

ትብለጥ፦ ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ። ውሸት ነው። እርስዎ ተነሥተው ከወጡ በኋላ እኔ ምን እንደማደርግ ያውቃሉ? እጄን እዚያው አደርጋለሁ። በልቼ እጠብቀዋለሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ ይገፋሻል።

ትብለጥ፦ ይገፋኛል።

ወርቅያንጥፉ፦ ታዲያ ምን ታደርቂኛለሽ?

ትብለጥ፦ ታዲያ እሱ አይደለም። እሱን አውቀዋለሁ፤ ወራቱን ተሸክሜዋለሁ። እሱ ሲገፋኝ መልስ ይጠብቅ ነበር። እጄን ሳነሣ ይፈልገኝ ነበር፤ ሌላ ቦታ ሄዶ ያንኳኳ ነበር። ቢምረው መተማ ሊሄድ ሲል ጆሮውን ለጥፎ ያዳመጠው ጊዜ ጉንጩን እንደ መታው ያስታውሳሉ? ይህ ልጅ ሰው አይወድም ብሎ ሲስቅ? ይኼኛው እንደዚያ አይደለም። እጄ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ይገፋል፣ ያርፋል፣ ይገፋል። የሚያየኝ ነገር የለም። ሁልጊዜ እጠብቀዋለሁ፣ ሁልጊዜ እሱ አይደለም።

ወርቅያንጥፉ፦ ደክሞት ይሆናል። ብዙ አይቷል እኮ።

ትብለጥ፦ እማማ፣ እጅዎ የማያውቀውን እየነገርኩዎት አይደለም።

ወርቅያንጥፉ፦ እጄ የሚያውቀውን ነገርኩሽ።

ትብለጥ፦ ሁሉንም አልነገሩኝም። ያን ለት ምጥ ጠንቶብኝ በቃሬዛ ሲያወጡኝ ከጎኔ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ወንዶቹ ሲፈራረቁ እርስዎ አልተፈራረቁም። እጅዎ ሆዴ ላይ ነበር፤ ቁልቁለቱን ሁሉ አልተነሣም። ልጁ በገፋ ቁጥር «አለ፣ አይዞሽ፣ አለ» ይሉኝ ነበር። እኔ በዚያ ድምፅ ነበር የምተነፍሰው።

ወርቅያንጥፉ፦ ሊነጋ ነበር፤ ብርዱ ያንቀጠቅጥ ነበር።

ትብለጥ፦ ወንዙ መሐል ስንደርስ ውሃው የተሸካሚዎቹ ጭን ላይ ነበር። እዚያ አለ ማለቱን ተዉት።

ወርቅያንጥፉ፦ ውሃው ይጮኽ ነበር። አልሰማሽኝም እንጂ።

ትብለጥ፦ ከዚያ እጅዎን አነሡት።

ወርቅያንጥፉ፦ ነጠላዬን ልሰበስብ ነው። እየረጠበ ነበር።

ትብለጥ፦ ነጠላዎን ሰበሰቡ። ማዶ ወጣን። መኪናውን አገኘን። ሐኪም ቤቱ ደረስን። እጅዎ ግን አልተመለሰም። ራሴን ያዙኝ፣ እግሬን ያዙኝ፤ ሆዴን ዳግመኛ አልነኩትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እማማ። መሞቱን የነገረኝ ሐኪም አይደለም። ያ የተነሣው እጅ ነው የነገረኝ። ወንዙንም አልሻገር ያሉት ለጉልበትዎ ብለው አይደለም።

ወርቅያንጥፉ፦ ዋንጫውን ተቀበይኝ።

ትብለጥ፦ አልጠጣውም ብያለሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ ጠጪ አላልኩም። ተቀበይኝ ነው ያልኩ።

ትብለጥ፦ ይዤዋለሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ እጄ ሥር ነው ያቆመው። መጀመሪያ አንዴ በኃይል ገፋ፤ ደስ ብሎኝ አለ ልልሽ አፌን ስከፍት እንደ ሊጥ ሆነ። እንደዚያ ሆኖ ቀረ። እጄን እዚያው ብተወው እርግጥ ይሆናል ብዬ ነው ያነሣሁት። ካነሣሁት ምናልባት በሌላ በኩል… እንጃ። የት ሊሄድ ይችላል ብዬ እንደሆነ እንጃ።

ትብለጥ፦ ወደ ጎን።

ወርቅያንጥፉ፦ ወደ ጎን። ሞኝነት ነው።

ትብለጥ፦ እኔም ጎኔን ዳብሻለሁ። ሞኝነት ከሆነ ለሁለት ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ ሰማሽው? ደጋው ላይ ነጎደ።

ትብለጥ፦ ሰማሁት።

ወርቅያንጥፉ፦ ተልባውን ለጫጩቶቹ ድፊላቸው።

ትብለጥ፦ የምደፋው እህል የለኝም ብለው ነበር።

ወርቅያንጥፉ፦ ካንቺ ጋር ሲከራከሩ እህሉም ያልቃል። ጫጩቶቹን ማን ያይልናል?

ትብለጥ፦ ጥጋቤ ታያቸዋለች። እስክንመለስ ካገሩ ሁሉ ጋር ስለነሱ ስታወራ ትከርማለች።

ወርቅያንጥፉ፦ እስክንመለስ አልሽ።

ትብለጥ፦ እስክንመለስ አልኩ።

ወርቅያንጥፉ፦ ስማቸው በቅሎዋን ይዞ ቢመጣስ?

ትብለጥ፦ ሣር ይሰጧታል፤ ውሃ ያጠጧታል፤ ባዶዋን ትመለሳለች።

ወርቅያንጥፉ፦ ከበሩ ጀርባ ያለውን ዱላ አምጪልኝ። ውሃ ውስጥ የምደገፈው እፈልጋለሁ።

ትብለጥ፦ የቢምረውን?

ወርቅያንጥፉ፦ ሌላ ዱላ አለን?

ትብለጥ፦ ይኸው። ነጠላዎንም ይዤ መጥቻለሁ፤ ዘወር ይበሉ ላጣፋልዎት።

ወርቅያንጥፉ፦ እንደሱ አይደለም ልጄ፤ አዘቅዝቂው፣ ጥለቱ ወደ አንገቴ ይሁን።